አስራ ሁለተኛው ፈራሚ

ጥቅምት 6

ግቢው በሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። የዛፎቹን ግንድ ሳይቀር እስከ ወገባቸው ነጭ ቀብተዋቸዋል... ካልሲ ያደረጉ ይመስላሉ። ዩኒቨርሲቲያችን ስልሳ ዓመት ሞላው። ዓመቱን ሙሉ ይከበራል ተብሏል። ዓመቱን ሙሉ!

ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃ የለም። ሁለተኛ ዓመቶቼን ይዤ ገባሁ፣ ቧንቧውን ስከፍተው አሳለና ዝም አለ። "መምህር፣ ዛሬም በቃል ነው?" አለችኝ አንዷ። አዎ፣ በቃል። ኬሚስትሪ በቃል። ለኛ ውሃ የሚያመጣ ጠፍቶ ዋናው በር ላይ ፏፏቴ ይሠራሉ።

ቤት ስገባ አባባ ሬዲዮው ላይ ተደፍቷል። ግራ ጆሮው ስለማይሰማ ቀኙን አስጠግቶ። ስለ በዓሉ ሲያወሩ ሰምቶ ኖሯል። "እኔ ስቀጠር ሁለት ክፍልና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለሬዲዮው አላውቅም። ሻዩን ቀዳሁለት።

ጥቅምት 9

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ሽቶዋ ረጅም።

"ዶክተር፣ አባትዎን በመክፈቻው ቀን ልናከብራቸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።"

"አባቴ ከዚህ ግቢ እንዴት እንደወጣ ታውቂያለሽ?"

"እሱ... ያለፈ ነገር ነው እኮ። አሁን አዎንታዊ አዎንታዊውን ነው የምናየው።"

አይመጣም አልኳት። በሩን ራሴ ከፈትኩላት። ሽቶዋ እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም።

ንዴቴ እንዲበርድልኝ ልጻፈው። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ በፈተና የወደቁ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ውጤት ይስተካከል ተባለ። አናስተካክልም ብለው መምህራን ፈረሙ። አስራ ሁለት ሰው። አባባ የመጀመሪያው። አስራ ሁለተኛው የአባባ ተማሪ የነበረ፣ አባባ ራሱ ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀጠረው ልጅ። ከቤታችን አይጠፋም ነበር፤ ገበታ ላይ የእኔን ወንበር ነበር የሚይዘው። እማዬ "ልጄ" ነበር የምትለው።

ከቀናት በኋላ ፊርማውን አነሳ። ማንሳት ብቻ ቢሆን ሰው ይፈራል ብዬ አልፈው ነበር። ኮሚቴ ፊት ቆሞ "መምህሬ አስገድደውኝ ነው" ብሎ መሰከረ። አስራ አንዱ "በሥነ ምግባር ጉድለት" ተባረሩ። አባባን ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ይዘው በዋናው በር አወጡት፤ እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ በመስኮት አየሁ። እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

አስራ ሁለተኛው ዛሬ ፕሬዚዳንታችን ነው። ፊት የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው።

እና አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠየቅኩ... ከተማው ውስጥ ሌላ ላቦራቶሪ የለም፤ ሌላ መልስም የለኝም።

ጥቅምት 10

እኔ እምቢ ስላት ሴትዮዋ በእህቴ በኩል ዞራለች። አልሸሹም ዞር አሉ።

እህቴ ደወለች። "ለአባባ ለምን አልነገርሽውም?"

"እትዬ፣ ምኑን ልንገረው?"

"ሰማኒያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሳይሞት ቢከበር ምን ይጎድልብሻል?"

"እማዬ ትጎድልብኛለች።"

"ብቻሽን አልቀበርሻትም" አለችና ዘጋችው።

ቤት ስደርስ አባባ ኮቱን አውጥቶ ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል። ትከሻው ተንጠልጥሏል። "ጨርቁ ነው የሰፋው ወይስ እኔ ነኝ የጠበብኩት?" ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

"ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ።"

"ለእሱ ልታጨበጭብ?"

"ያኔ ተይዤ ነው የወጣሁት። ሳልሞት በእግሬ ልግባበት።"

"እማዬስ?"

"እናትሽን ለእኔ ተይልኝ።"

እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። በዚህ ዕድሜዬ በር እወረውራለሁ።

ጥቅምት 17

ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። እዚህ። ቤታችን።

ፕሬዚዳንቱ ሹፌሩን ውጭ አቁሞ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ ገባ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ አማረበት እንጂ አልጎዳውም... እንዲህ ዓይነቶቹ ሽበትም ያምርባቸዋል። አባባ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ያዝ አድርጎ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ እኔ የእርስዎ ሥራ ነኝ።"

"አይደለህም" አለ አባባ። "እኔ ፊዚክስ ብቻ ነው ያስተማርኩህ።"

ሁለቱም ሳቁ። አባባ ደግሞ ከልቡ ሳቀ! ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ ነው የሳቀው፤ አውቀዋለሁ፣ በራሱ ቀልድ መሳቅ ይወዳል። ስለ አየሩ አወሩ። ስለ ጉልበቱ አወሩ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የእማዬን ፎቶ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማማ... መቼ ነበር ያረፉት?" አለ።

"ቀብሯ ላይ ብትገኝ ታውቀው ነበር" አልኩት።

አባባ፣ "ሻይ ጨምሪ" አለኝ። ማድ ቤት ገብቼ ቆምኩ። እስኪነሳ ድረስ አልወጣሁም።

ሲወጣ በር ላይ ቀስ ብሎ፣ "የዕድገትሽ ጉዳይ ዘገየ ሲሉ ሰማሁ። አየዋለሁ" አለኝ። ለምን አልመለስኩለትም? አፍ አጥቼ አላውቅም እኮ።

ኅዳር 7

ነገ ነው። አልወስደውም ብዬ ነበር። እህቴ "በታክሲ እወስደዋለሁ" አለች። አባቴ በታክሲ? እሺ፣ እነዳለሁ። በር ላይ አውርጄው እመለሳለሁ።

ኅዳር 8

አልተመለስኩም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆምኩ።

ድንኳን፣ የማርሽ ባንድ፣ ንግግር በንግግር ላይ። አባባን ፀሐይ የሚመታው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ጥላው ለእንግዶቹ ነው። ከዚያ የመድረክ መሪው ታሪኩን አነበበ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አስተማሩ... "በዕድሜ መግፋት ምክንያት ተቋሙን እስከለቀቁበት ጊዜ ድረስ።"

በዕድሜ መግፋት! በሃምሳ ስድስት ዓመቱ!

አባባን አየሁት። ቀኝ ጆሮው ወደ ድምፅ ማጉያው ነበር። ሰምቷል። ተነሳ፤ በከዘራው፣ ቀስ እያለ። አስራ ሁለተኛው ከመድረኩ ወርዶ እጁን ዘረጋና አቀፈው። የአባባ እጅ ተንጠልጥሎ ቆየ። አታንሳት፣ አታንሳት እያልኩ ነበር። አነሳት። ጀርባው ላይ አሳረፋት። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ፤ ካሜራው ሁሉ ተንጋጋ። እህቴ ከፊት ረድፍ ታለቅሳለች።

መኪና ውስጥ፣

"ሰምተሃል ምን ብለው እንዳነበቡ?"

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"እና ምን ላድርግ? ማይኩን ልንጠቀው?"

"አዎ!"

መስኮቱን ያይ ጀመር። ቤት ልንደርስ ስንል፣ "እጄ ራሷ ናት የተነሳችው" አለ። "ልጅ ሆኖ ነው የማውቀው።"

የራሱን ይቅር ይበል፤ መብቱ ነው። የእማዬን ድርሻ ግን ማን ሰጠው?

ኅዳር 13

ፎቶውን ዋናው በር ላይ ሰቀሉት። የቤት ጣሪያ ያህላል። "ትናንትና ዛሬ በፍቅር ሲተቃቀፉ" ይላል። የአባቴ አፍንጫ የእኔን መኪና ያክላል። ጠዋት ጠዋት በሥሩ ነው የምገባው። ጥበቃዎቹ "እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር" ይሉኛል... ምን ብዬ ልመልስ?

ኅዳር 29

ዕድገቴ ጸደቀ። ተባባሪ ፕሮፌሰር። ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ጉዳይ በሦስት ሳምንት እንደ ሚዳቋ ዘለለ። ዲኑ እጄን ጨብጦ፣ "አየሽ፣ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው" አለኝ።

ይገባኛል። ጽሑፎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልሰጠኝም። ታዲያ ሰው እንዳያገኘኝ በጓሮ ደረጃ ለምን ወረድኩ?

ታኅሣሥ 4

በር ተንኳኳ። ብከፍት የሒሳቡ መምህር ሚስት። ባሏ ከአስራ አንዱ አንዱ ነበር፣ የአባባ የልብ ጓደኛ። ከተባረረ በኋላ ማንም አልቀጥር ስላለው በየሰው ቤት እየዞረ ሕፃናት ሲያስጠና ነው የሞተው። ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። አርጅታለች፤ አከርካሪዋ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው።

"እማማ፣ ይግቡ።"

ገባች። አልተቀመጠችም። ሳሎኑ መሃል ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ይዛ ቆመች።

"ደህና ነሽ እህቴ?" አለ አባባ፣ ለመነሳት እየታገለ።

"እህትህ አይደለሁም። ተቀመጥ፣ እንዳትወድቅ። በር ላይ የተሰቀልከውን አይቼ ነው የመጣሁት።"

"እሱ እኮ..."

"በስንት ሸጥከን?"

አባባ ከዘራውን ፈለገ።

"ባሌ ሲሞት ከዚያ ግቢ አንድ ሰው ቀብሩ ላይ አልቆመም። ፈሩ። 'በሥነ ምግባር ጉድለት' የተባለ ሰው እንደ እከክ ይጋባል። ልጆቼ የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው ያደጉት። ለአንተ እግዜር ዕድሜ ሰጠህ። ለእኛም እንድትናገርበት መስሎኝ ነበር።"

"እማማ፣ አባቴ ምንም አልተቀበለም" አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንቺ ግን ተቀብለሻል። ዕድገት አገኘች ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ።"

ወጣች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ያ ነው የባሰው።

ታኅሣሥ 5

አባባ ቁርሱን አልነካም። ምሳውንም። ወደ ማታ ጠራኝ።

"ስንባረር የተጻፈብን ነገር... ተሽሯል እንዴ?"

"አልተሻረም።"

"ታዲያ እኔ አሁንም በሥነ ምግባር ጉድለት የተባረርኩ ነኝ?"

"አዎ አባባ። የተባረርክ የክብር እንግዳ ነህ።"

ሊስቅ ነበር፤ ፊቱ መሃል መንገድ ላይ ተወው። "ሂጂና ጠይቂው። የእኔን አይደለም። የሁላችንን።"

"ያቀፍከው አንተ፣ የምጠይቀው እኔ?"

ክፉ ነኝ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 11

ቢሮው ለስላሳ ሶፋ፣ ወፍራም ምንጣፍ። ጠረጴዛው ላይ ከካርቶን የተሠራ የአንድ ሕንፃ ሞዴል። ጸሐፊዋ ሻይ አመጣች፤ አልነካሁትም።

ለሠላሳ ዓመት ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋ። ያለኝ ይህችው ነበረች፦ "የአስራ አንዱ ስንብት በይፋ ይሻር።"

"ሽሬ ምን ልበል? ዩኒቨርሲቲው በስልሳኛ ዓመቱ ተሳስቻለሁ ይበል?"

"አንተ ዋሽቻለሁ በል።"

'አንተ' አልኩት። ፊቱ ቀላ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር" አለ። "እናቴና ሦስት እህቶቼ እጄን ነው የሚያዩት። ጠርተው 'ወይ መስክር ወይ አብረህ ውጣ' አሉኝ። አንቺ ብትሆኚ?"

"አስራ አንዱም ቤተሰብ ነበራቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ቤታችን እኮ ነው የበላኸው።"

"አውቃለሁ አልኩሽ!" ጮኸ። ከዚያ ክራቫቱን አስተካከለ፤ እንደገና ፕሬዚዳንት ሆነ። "ስሚ። ለጋሼ ብቻ ከሆነ ነገውኑ እፈርማለሁ። በጡረታ እንደወጡ ተደርጎ ይስተካከላል። ይሄ የምታይው አዲሱ የፊዚክስ አዳራሽ ነው፤ በስማቸው ነው የሚጠራው። ጥር መጨረሻ ይመረቃል። የሌሎቹ ግን... ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ይነሱብናል። አንድ ሰው እችላለሁ። አስራ አንድ አልችልም።"

ቦርሳዬን አነሳሁ። "ፊርማ መቀነስ ዛሬም ታውቅበታለህ" አልኩት።

ኮሪደሩ ላይ የሻይ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። እንዳታለቅሺ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዳታለቅሺ።

ለአባባ አንድ በአንድ ነገርኩት። "ለእኔ ብቻ?" አለ።

ታኅሣሥ 28

"እሷ ዘንድ ውሰጂኝ" አለኝ። ወሰድኩት። የሒሳቡ መምህር ሚስት በሩን አልከፈተችም፤ በመስኮት ነው ያናገረችን። አባባ አጥሩ ሥር በከዘራው ተደግፎ ቆመ፣ ጎረቤት እያየው።

"ያንን አዳራሽ በስምህ ሊያደርጉት ነው አሉ። ትገባለህ?"

"አላውቅም" አላት።

መስኮቱን ዘጋችው። ምን ነበረበት አልገባም ቢላት? ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ ተናደድኩበት። በእሷም ተናደድኩ። አውቶቡስ ፊቴ ሲቆም በአውቶቡሱም።

ጥር 22

አዳራሹ ግድግዳ ላይ የአባባን ስም በብረት ፊደላት ለጠፉት። ከሩቅ ይታያል። ተማሪዎቼ፣ "መምህር፣ አባትዎ ናቸው?" ይሉኛል። አዎ፣ አባቴ ነው። ለተማሪ አይዋሽም።

ጥር 26

ነገ ምረቃው ነው። እህቴ አዲስ ኮት አምጥታለታለች፤ ልክ በትከሻው። እየዞረች ታየዋለች፣ እንደ ሙሽራ።

"ትሄዳለህ?" አልኩት እሷ ስትወጣ።

"ውሰጂኝ።"

ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ አዛውንቱ ያን ያህል ጊዜ ያሰቡት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል... ወስዶታል። ነድቼ አደርሰዋለሁ፤ ዞሬ አላየውም።

ጥር 27

በደንብ ልጻፈው። አንዱም ነገር እንዳይጠፋብኝ።

ቀይ ምንጣፍ፣ ሪባን፣ ባንዱ እየነፋ። እንግዶቹ ከአዳራሹ ፊት ሁለት ረድፍ ወንበር ላይ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ መሃል። መኪናዬን ምንጣፉ ጫፍ ላይ እንዳቆም ምልክት ሰጡኝ። አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ዞሬ በሩን ከፈትኩለት።

አልተነሳም።

"ዝጊው" አለኝ።

"ምን?"

"በሩን ዝጊው። መስኮቱን አውርጂልኝ።"

አወረድኩ። ሕዝብ ግንኙነቷ በረጅም ተረከዟ እየተንገዳገደች ሮጣ መጣች። "አሟቸው ነው?" ጠይቂያቸው አልኳት። ጠየቀች። አባባ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። እህቴ ከወንበሯ ተነስታ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች፤ እኔ ያደረግኩት መሰላት። በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ፣ እየሳቀ፣ ለካሜራው እየሳቀ። ጎንበስ አለ። ክራቫቱ መስኮቱ ውስጥ ገባ።

"ጋሼ፣ እንግዶች እየጠበቁን ነው።"

"ስንት ሆነን ነው የወጣነው?"

"እንዴት?"

"ከዚህ ግቢ። ያኔ። ስንት ሆነን ነው የወጣነው?"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ጋሼ፣ አሁን..."

"ከባድ ጥያቄ አልጠየቅኩህም።"

ባንዱ ዜማውን ጨረሰና ቆመ። ማንም ቀጥሉ አላላቸውም።

"አስራ አንድ" አለ አስራ ሁለተኛው፣ ለራሱ እንደሚያንሾካሹክ።

"አልሰማሁህም። ጆሮዬ ደክሟል።"

ውሸቱን ነው። በዚያ በኩል ያለው ጆሮው ደህናው ነው!

"አስራ አንድ!"

ጮክ ብሎ ወጣበት። ከወንበሮቹ አንገት ሁሉ ዞረ። የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽሩን አወለቀ።

"እንግዲያው ብቻዬን አልገባም" አለ አባባ። እሱም ጮክ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር። "አስሩን ስትጠራቸው አብሬ እመጣለሁ።"

"ብዙዎቹ ሞተዋል እኮ ጋሼ።"

"እንዴት ሞቱ አላልኩህም። ጥራቸው ነው ያልኩህ። በምን ሰበብ እንዳስወጣሃቸው ተናገርና ጥራቸው።" ከዚያ ወደ እኔ፦ "ንጂው።"

ሮጬ ገባሁ። ሞተሩ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሁለተኛም እምቢ አለ... ላብ አጠመቀኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ያየናል። ተነሳ። የኋላው ጎማ ቀዩን ምንጣፍ ጎትቶ አጣጠፈው። በመስታወት ሳይ አስራ ሁለተኛው እንደጎነበሰ ነው፤ ቀና ማለት የረሳ ይመስል።

መንገድ ላይ አባባ፣ "እናትሽ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር" አለ።

"ለምን?"

"ቁልፉን ሳልቆልፍ ነው የተናገርኩት።"

አየሁት። እውነትም ኮቱ ተከፍቷል። ጥግ ይዤ አቆምኩና ሳቅን፤ እንባ እስኪመጣን። ከዚያ እኔ ማልቀሱን ቀጠልኩበት። "ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አልኩት። "ትናንት አላውቅም ነበራ" አለኝ።

ጥር 30

ሪባኑን ብቻውን ቆርጦ አስመርቋል አሉ። ዛሬ የብረት ፊደላቱን ነቀሏቸው። የሚስማሩ ቀዳዳዎች ቀርተዋል፤ ስሙን ለሚያውቅ ይነበባል። የበሩም ትልቁ ፎቶ ወርዷል። ግቢው ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው ቀነሰ። አንድ ሁለት ሰዎች ግን ሰው እንደማያይ አረጋግጠው እጄን ይጨብጣሉ። ጀግኖች...

የካቲት 9

ዕድገቴ "በአሠራር ስህተት የጸደቀ በመሆኑ" ተነሳ። ዲኑ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ "ትንሽ ብትታገሡ ኖሮ" አለኝ። ለስንት ዓመት ትንሽ? እህቴ ደውላ፣ "አሁን ደስ አለሽ?" አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ይከፋኛል። ግን አዎ።

የካቲት 21

የሒሳቡ መምህር ሚስት መጣች። ብቻዋን አይደለም፤ ከአስራ አንዱ በሕይወት ያሉ ሦስት ሽማግሌዎችና የሟቾች ልጆች አስከትላ። ሳሎኑ ወንበር አጣ። አባባ ደስ ብሎት "እንኳን ደህና..." ሊል ሲጀምር፣

"ለሥራ ነው የመጣሁት" ብላ ቆረጠችው። "የቦርዱ ሰብሳቢ ያችን ቀን የሰማውን ሰምቷል። ተሰብስበን እንጠይቀው። ወሬ አያስፈልግም።"

ወሬ አያስፈልግም ብላ ያልተወራ አልነበረም። አንዱ አባባን፣ "ሠላሳ ዓመት ጠብቀህ መኪና ውስጥ ነው ወንድ የሆንከው?" አለው። ሌላው፣ ያኔም መፈረማችን ስህተት ነበር አለ። ጠረጴዛ ተደበደበ። የአንዱ ሟች ልጅ ተነስቶ ወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። እኔ ሻይ ሳቀርብ አንድም ሰው አላመሰገነኝም። ቢሆንም ሲሄዱ ማመልከቻው አልቆ ነበር።

መጋቢት 18

ቦርዱ ዛሬ ጠራን።

ረጅም ጠረጴዛ፤ እነሱ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ። አስራ ሁለተኛው ጥግ ላይ። ሰብሳቢው አላጠማዘዘም፤ "ኮሚቴው ፊት የተናገሩት እውነት ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ጠረጴዛውን እያየ፣ "አልነበረም" አለ። አንድ ቃል። ለዚያች ቃል ነው ያ ሁሉ ዓመት። ልቤ የሚዘል መስሎኝ ነበር። አልዘለለም። ደክሞኝ ነበር።

የአስራ አንዱም ስንብት ተሻረ። የሁሉም። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም፤ "የአሠራር ክፍተት" ይላል። እሱም ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቀጥላል፣ በዓሉም ይቀጥላል። ይኸው ነው ያገኘነው፤ ከዚህ አይበልጥም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሎን መጣ። "ጋሼ" አለ፣ እጁን ዘርግቶ። አባባ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ እንደደራረበ፣ "ዛሬ ልክ መልሰሃል" አለውና አለፈ። እኔ ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም። ግን ወደ ቤት ስነዳ ስለ እሱ ሳላስብ ሰፈር ደረስኩ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከእህቴም መልእክት አገኘሁ፦ "ሰማሁ። እሑድ እመጣለሁ።" ሌላ ቃል የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ። ሕንፃው ደረጃው ረጅም ነው፤ አሳንሰሩም አይሠራም። አባባ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ እኔ ቦርሳውን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። የሒሳቡ መምህር ሚስት ቀድማኝ ክንዱ ሥር ገብታ ያዘችው።

"አልታረቅንም" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"እንዳይመስልህ።"

"አልመሰለኝም።"

"ታዲያ ምን ትገትረኛለህ? ግራ እግርህን አስቀድም።"

አስቀደመ።